የዋጋው ልዩነት የማን ደመወዝ ነው?

ሞተር ሳይክል ልገዛ ነው የሚለው ወሬ ከቤቴ ከወጣ ወዲህ ወዳጆቼ ለሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን «ቻይና? ለዚህ ነው አሜሪካ ድረስ የመጣኸው?» ይለኛል። ሌላው ወገን ዩቲዩብ ላይ ሲያመሽ የከረመ ነው፤ ጃፓን እንዳለቀላት፣ የጀርመን ሞተር የሚገዛም ለስም ብቻ የሚከፍል ሞኝ እንደሆነ በእርግጠኝነት ይነግረኛል። የመጀመሪያዎቹ ሞተሩን ሳያዩት አዋረዱት፤ ሁለተኛዎቹ ሳይነዱት አነገሡት። ከፋዩ እኔ ስለሆንኩ ከሁለቱም ጋር መሄድ አልሆነልኝም።

ዓይኔ ያረፈበት የሃንግዡው ሲኤፍሞቶ የሠራው ባለ 450 ሲሲ ሞተር ነው። በሌላው ዓለም 450 ኤምቲ፣ እዚህ አሜሪካ አይቤክስ 450 ይሉታል። በ2023 መጨረሻ ሚላን በተካሄደው ትልቁ የሞተር ትርዒት ላይ ቀረበ፣ በ2024 ገበያ ገባ፣ እዚህም 6,499 ዶላር የሚል ዋጋ ተለጠፈበት (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አድቬንቸር ከሚባሉት ወገን ነው፤ አስፋልቱንም ፒስታውንም እሄዳለሁ፣ ሻንጣ ጭኜ ወጥቼ አድራለሁ ለሚል ሰው የተሠራ። ሁለት ሲሊንደር፣ ወደ 44 የፈረስ ጉልበት፣ ከፊት 21 ከኋላ 18 ኢንች ጎማ፣ 17.5 ሊትር የሚይዝ ታንከር አለው። ሁለት ሲሊንደር ያለውና ለፒስታ የተዘጋጀው ያማሃ ቴኔሬ 700 እዚህ ከ10 ሺሕ ዶላር በላይ ነው። ሲሲው ይበልጣል፣ እውነት ነው። ቢሆንም በመካከላቸው ያለው ገንዘብ እኔ በምኖርባት አውሮራ፣ ኮሎራዶ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነው። ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ሌሊት ለሚሠራ ሰው የሁለት ወር ኪራይ ቀላል ወሬ አይደለም።

እንዲህ ያለውን አነዳድ አድቬንቸር ብሎ የሚሸጥልን ሰው ሳይመጣ በፊት እኛ ሠርተንበታል። በወጣትነቴ ደቡብ ወሎ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝም ያማሃ ዲቲ 125 ነበር። የምርጥ ዘር ከረጢት ከኋላዬ አስሬ ክረምት ከበጋ የገበሬ ማኅበር ለገበሬ ማኅበር ስዞር ነው የኖርኩት፤ ወንዝ ሲሞላ ሞተሩ በሰው ትከሻ ይሻገራል። ያ ሞተር የተከበረው ጃፓን ስለተሠራ ብቻ አልነበረም። በመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ ካንዴላው፣ የፍሪሲዮን ገመዱ፣ ካላማዳሪው፣ የፍሬን ሸራው ተደርድሮ ይቀመጥ ነበር። እዚያ የታጣው ደሴ ይገኛል፤ ደሴ የታጣው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ። መካኒካችንም ያንን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ ይገጥመዋል። «የጃፓን ዕቃ አይበገርም» ስንል የኖርነው ግማሹ ምክንያት ያ ቁም ሳጥን ነበር።

የትውልድ አገሩን ክርክር በአጭሩ ልዝጋው። በ2018 የወጣው የቢኤምደብሊው ኤፍ 850 ጂኤስ ሞተሩ የተሠራው ቾንግቺንግ፣ ሎንሲን በሚባል የቻይና ፋብሪካ ነው። ኬቲኤም የኦስትሪያ ኩራት ነው ይባላል፤ 790 አድቬንቸር የሚባለውን ግን የሚሠራለት ይኸው የእኔ ሲኤፍሞቶ ነው። የጣሊያኑ ቤኔሊ ከ2005 ጀምሮ ባለቤቱ ቻይናዊ ነው፤ ቲአርኬ 502 የተባለው ሞተሩ ጣሊያኖች በገዛ አገራቸው ተሻምተው የገዙት፣ የሽያጭ ሰንጠረዡን አናት የያዘ ሆነ። ሆንዳ ሲአርኤፍ 300 የሚመጣው ከታይላንድ ነው፤ ትንሹ ቢኤምደብሊው ጂ 310 ጂኤስ ከሕንድ። «ቻይና ነው» ብሎ የሚጥል ሰው ታንከሩ ላይ የተለጠፈውን ብቻ ነው ያነበበው።

ለአንጋሾቹም መልስ አለኝ። ኮቬ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2023 የዳካር ውድድር ሦስት ሞተር አሰልፎ ሦስቱንም ለመጨረሻው መስመር አብቅቷል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሳዑዲ በረሃ ውስጥ ስንት ስም ያላቸው ወድቀው ቀርተዋል። ግን የውድድር ሞተር ማታ ማታ መካኒክ ይፈታዋል፣ ያጥበዋል፣ ይገጥመዋል። የእኔ ሞተር ማታ ማታ የሚያድረው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሸራ ለብሶ ነው። በ2024 የሞቶ3 የዓለም ዋንጫ በሲኤፍሞቶ ስም መወሰዱንም ይነግሩኛል። ልክ ነው፣ ተወስዷል፤ ከቀለሙ በታች ያለው ሞተር ግን ኬቲኤም ነበር። ዋንጫ ለማስታወቂያ ጥሩ ነው፤ እኔ የምገዛው የሚንቀሳቀስ ዕቃ ነው።

ጃፓኖቹ እንከን አልነበራቸውም ወይ? ነበራቸው። ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 በአሜሪካ የፒስታ ነጂዎች ዘንድ እንደ ታቦት የሚከበር ሞተር ነው። ከ1987 እስከ 2007 በተሠሩት ውስጥ የንዝረት ማመጣጠኛውን ሰንሰለት የምትወጥር አንዲት ትንሽ ብረት አለች፤ ትሰበራለች። ስባሪዋ ሞተሩ ውስጥ ከወደቀ በኋላ የሚሆነውን ለመካኒክ አልነግረውም። ባለቤቶቹ ምን አደረጉ? ጠንካራ ብረት የሚሠራላቸው ሰው አገኙ፣ ገዝተው ቀየሩ፣ ለሌላው አሳዩ፣ መንዳታቸውን ቀጠሉ። ሁለት አሥርት ዓመት ሙሉ እንዲያ ሆኖ ኬኤልአር ስሙ አልጎደፈም፤ የት እንደሚሰበር ሁሉም ያውቅ ስለነበር። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው የእናቶቻችን አባባል ሞተር ገበያ ላይ እንደሚሠራ የገባኝ የኬኤልአርን ታሪክ ሳነብ ነው።

አዲስ የወጣ ሞተር ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ከኬኤልአርም ሊበልጥ ይችላል። ግን የት እንደሚሰበር ገና ማንም አያውቅም።

ታዲያ ለምን ረከሰ? የጉልበት ዋጋ አለበት፣ የፋብሪካው ግዝፈት አለበት፣ ገበያ ሰብሮ ለመግባት የሚደረግ ቅናሽም አለበት። ለእኔ ለገዢው ግን የዋጋው ልዩነት ደመወዝ ነው፤ ኩባንያው ለእኔ የሚከፍለኝ ደመወዝ። ሥራው ምንድን ነው ቢሉ፦ በመጀመሪያው ዓመት ሞተሩን በእውነተኛ መንገድ መፈተን፣ የላላ ብሎን እያሰሱ ማጥበቅ፣ የራጂውን ውጥረት መለካት፣ ጉድለት ሲያገኙ ፎቶ አንስቶ ለሻጩ ማሳየት፣ ዕቃ እስኪመጣ በትዕግሥት መጠበቅ። በመጨረሻም ልሸጠው ስወጣ ገበያው ስሙን ስላልለመደው የሚቆርጥብኝን መዋጥ። ነባሮቹ ኩባንያዎች ይህን ሥራ አብዛኛውን ባለፉት ዓመታት ገዢዎች ጀርባ ላይ አሠርተው ጨርሰዋል፤ ዋጋቸው የከበደውም በከፊል ለዚያ ነው። እንግዲህ እኔ ራሴን የምጠይቀው በዚህ ደመወዝ እቀጠራለሁ ወይስ አልቀጠርም የሚለውን ነው።

ይህን ይዤ ሻጮቹ ጋ ሄድኩ። ወጣቱ ሻጭ ሞተሩ ላይ እንድቀመጥ ጋበዘኝ፤ ተቀመጥኩ፤ እሱ ስለ ስክሪኑ ሲያወራ እኔ እግሬን አየሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ68 ነው። መቀመጫው 820 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ነኩ። ቴኔሬው 875 ነው፣ አዲሱ ኬኤልአር 870 ገደማ፤ እነሱ ላይ ስወጣ በአንድ እግሬ ጣቶች ቆሜ ሌላው አየር ላይ ይቀራል። አስፋልት ላይ ይህ ምንም አይደለም። ዳገት መሐል ልቅ ድንጋይ ላይ ሞተር አጥፍቶ መቆም ሲመጣ ግን እነዚያ 5 ሴንቲ ሜትሮች መውደቅና አለመውደቅ ናቸው።

ከዚያ ሻጩን አመስግኜ ወደ መለዋወጫ ባንኮኒው ዞርኩ። ሞተር መግዛት የሚፈልግ ሁሉ ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል። በወረቀት የጻፍኩትን ለባንኮኒው ሠራተኛ አቀበልኳት፦ የዘይት ፊልትሮ፣ የፊት ፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን እጀታ፣ ራዲያተር፣ የፊት ቸርኬ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በየጊዜው የሚቀየሩ ናቸው፤ ሦስተኛው ሞተር በወደቀ ቁጥር የሚሰበር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የክፉ ቀን ዕቃዎች ናቸው። ሴትዮዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ አውርዳ ኮምፒውተሯ ላይ መታ መታ አደረገች።

«ሞተሩ አለህ?»

«የለኝም፤ ልገዛ እያሰብኩ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። «እንዲህ አድርጎ የሚገዛ ሰው ብዙ አይመጣብኝም» አለች። ፊልትሮውና የፍሬን ሸራው ከኋላዋ መደርደሪያ ላይ ተሰቅለዋል። እጀታው፣ ራዲያተሩና ቸርኬው በትእዛዝ ከሌላ ክፍለ ግዛት መጋዘን የሚመጡ ናቸው። የኩባንያው የአሜሪካ ቢሮ ያለው ፕሊመዝ፣ ሚኒሶታ ነው፤ ቢያንስ ውቅያኖስ አያሻግርም። «የሌሎቹስ?» ብዬ ባንኮኒው ላይ ሌሎች ብራንዶችንም ስለሚሸጡ ጠየቅኋት። እዚህ ላይ የነገረችኝን ከሞተሩ ብሮሹር ሁሉ አስበልጬዋለሁ። አዲስ ሞዴል ሲመጣ፣ የማንም ይሁን የማን፣ መደርደሪያ ላይ ምን እንደምታስቀምጥ የምትወስነው በግምት ነው። ምን እንደሚሰበር በቁጥር የምታውቀው ሰዎች ሰብረው ሲመጡ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ መደርደሪያው ራሱ ይናገራል።

በመደርደሪያዋ ላይ ያለውን ለማስተካከል ሰባሪው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከትቼ የሄድኩት አንድ ወዳጄ ጋራዥ ነው። ድሬዳዋ አድጎ ዕድሜውን ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ጋራዡ ጥግ ላይ አንዲት ሞተር ቆማለች፤ ቀለሟ ገና አዲስ ነው፣ መቀመጫዋ ላይ ግን አቧራ ሁለት ጣት ያህል ተኝቷል። ከቻይና መጥታለች፤ ስሟን አልጠራም፤ ያስመጣት ድርጅት ከሽያጩ በኋላ ስልክ አላነሳም። የነዳጅ ፓምፕ ነው የጎደላት። ባለቤቷ አንድ ጊዜ የሌላ ሞተር ፓምፕ አምጥቶ እንዲገጥምለት ለምኖት ነበር፤ ጋሼ ገጥሞ አስነሥቷታል፣ ትንሽ ሄዳ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቺን አይተህ ስለ እኔዋ ምን ትለኛለህ?»

«አንተ ልጅ፣ ሞተር ስትገዛ አስመጪውንም አብረህ እየገዛህ ነው» አለኝ ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ሞተሯ ምንም አልሆነችም። የሞተው አስመጪው ነው።» ቀጥሎ የጠየቀኝ፦ «የምትገዛው ለመንዳት ነው ወይስ ለመፍታት?»

ለሁለቱም አልኩት። እውነትም ለሁለቱም ነው። መፍታት የሚያስደስተው ሰው አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቁልፍ ይዞ ከሞተር ጋር መቀመጥ ለእኔ ከእግር ኳስ ይበልጣል። ይህ ደስታ ከሌለህ ግን የነገርኩህ ደመወዝ አይበቃህም፤ አትቀጠር።

አስመጪ የሚሞተው በስንፍና ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2025 አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ የጣለችው ቀረጥ 145 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በግንቦት ወደ 30 ወረደ። በአንድ ወር ውስጥ። አስመጪ ሆኜ ቢሆን በዚያ ሰሞን ኮንቴይነር ማዘዝ ሎተሪ ነበር የሚሆንብኝ። የ10 ዶላር ፊልትሮ በሁለት መንግሥታት ጠብ መሐል ስትገባ ዋጋዋን የሚያውቅ የለም። «እንዲያ ከሆነ አውሮፓዊ ግዛ» ለሚሉኝ ደግሞ ኬቲኤምን አሳያቸዋለሁ፦ በኅዳር 2024 ዕዳው አንቆት ፍርድ ቤት ገባ፣ ፋብሪካው ለወራት ቆመ፣ ከሞት ያወጣው የሕንዱ ባጃጅ ገንዘብ ነው። ያ አገር ቤት በባለ ሦስት እግሩ የምናውቀው ባጃጅ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፤ ለምን ይህችን ሞተር እንደፈለግሁ።

የምነዳው ከፍታ ላይ ነው። ዴንቨር ራሷ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ ከሌድቪል ወደ ፌርፕሌይ የሚያሻግረው የዌስተን ፓስ ፒስታ ከ3,600 ሜትር ያልፋል። የባሌን ሳነቴ የሚያውቅ አንባቢ አየሩን በሳንባው ያስታውሰዋል። እዚያ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። 44 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠልህ እዚያ ሲደርስ 30 ነው። ዲቲዋን ከሐርቡ ቆላ ወደ ኩታበር ደጋ ስናወጣት ካርቡራተሯ የአየሩን መሳሳት ስለማያውቅ ቤንዚን ያበዛባታል፤ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ጭሷ ይበዛል፣ መንገድ ዳር ቆመን ካንዴላ እንፍቅ ነበር። የዛሬው ኤሌክትሮኒክ መርጫ ነዳጁን ከአየሩ ጋር ያመጣጥናል፤ ካንዴላ መፋቅ ቀርቷል። የሌለ አየር ግን አይፈጥርም።

ስለዚህ ትልቅ ሲሲ ልግዛ? ብዙዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ቢኤምደብሊው አር 1300 ጂኤስ 237 ኪሎ ነው፤ ሻንጣውንና ውኃውን ሲጨምሩበት ከዚያም ይከብዳል። ጉልበቱ ተራራው ላይ ተቀንሶም ይተርፋል፤ ሲወድቅ ግን ኪሎው አይቀንስም። ስልክ በማይሠራበት ዳገት ላይ ብቻህን 237 ኪሎ ለማንሣት የምትታገለውም ያንኑ የሳሳ አየር እየተነፈስክ ነው። የእኔዋ ያለ ነዳጅና ያለ ዘይት 175 ኪሎ ተብላለች፤ ሲሞላላት ከ185 ታልፋለች። ላብ ታስወጣኛለች፤ ቢሆንም አነሣታለሁ። በሊትርም 22 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትሄድ እንኳ በአንድ ሙሌት ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ታስኬደኛለች፤ ማደያ በሌለበት ሸለቆ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገሯ ብቻ ያጠራጥረኛል። ጎማዋ ባለ ራጂ ሆኖ ካላማዳሪ የለውም። ሚስማር ሲወጋት ጎማውን ሳትፈታ ከውጭ ወትፈህ፣ ነፍተህ ትሄዳለህ፤ ጎሚስታ ፍለጋ የለም። ድንጋይ መትቶ ቸርኬውን ካጣመመው ግን አየሩ በጠርዙ ያመልጣል፤ ያኔ ካላማዳሪ ከሌለህ እግርህ ነው መጓጓዣህ። እኔ ካላማዳሪ ታጥፎ ከመቀመጫው ሥር ሳይገባ ከከተማ አልወጣም።

ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ ትንታኔ ውስጥ አንዲት ጥያቄ አወጣች። «ቢበላሽ ሥራ ትሄዳለህ?» አዎ፣ እሄዳለሁ፤ ያረጀች ቶዮታ አለን። «እንግዲህ ምን ቸገረኝ» ብላ ወደ ጉዳይዋ ሄደች። እኔ በገጾች የምለውን እሷ በዚያች ጥያቄ ጨረሰችው። ሞተሯ ሁለት ሳምንት ራዲያተር ጠብቃ ብትቆም ከደመወዜ አንድ ሳንቲም አይጎድልም። መጠበቅ የሚችል ሰው ብቻ ነው አዲስ ነገር በመጀመሪያው ዓመት መግዛት ያለበት።

ለዚህ ነው አገር ቤት ላሉ ሞተረኞች የምለው የተለየ የሚሆነው። አዲስ አበባ ውስጥ በእኛ 2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክል ሲታገድና ለፈቃድ ላላቸው ብቻ ሲቀር፣ የቀረው ሞተር የእንጀራ መሣሪያ ሆነ። ዕቃ በሚያደርስ ልጅ እጅ ያለ ሞተር አንድ ቀን ሲቆም የዚያ ቀን ምሳ ይቆማል። እሱ የሚገዛው መርካቶ ውስጥ መለዋወጫው በየሱቁ የተሰቀለውን፣ ሰፈሩ ያለ መካኒክ የሚያውቀውን ነው፤ ስክሪን ያለው አዲስ ሞዴል በግማሽ ዋጋ ቢመጣለትም። አሁን ከቻይና የሚገቡት የኤሌክትሪክ ሞተሮችም እንዲሁ ናቸው። የኪሎ ሜትር ወጪያቸው ያጓጓል፤ ግን ከመክፈል በፊት ባትሪው ሲደክም ማን እንደሚቀይረው፣ ስንት እንደሚያስከፍል በወረቀት አስጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። «ችግር የለም፣ እኛ አለን» የሚል ሻጭ በሁለት ዓመቱ ሱቁን ጫማ ቤት አድርጎት ሊገኝ ይችላል።

የእኔ ነገር እንግዲህ ወደ ዋጋ መጥቷል። አሜሪካ ውስጥ ሞተር ላይ የተለጠፈው ዋጋ የሚከፈለው ዋጋ አይደለም። ማጓጓዣ፣ ማዘጋጃ፣ የወረቀት ሥራ እያሉ ይደርባሉ፤ በላዩ ላይ የሽያጭ ግብር ይመጣል። ከ6,499 ተነሥቶ 8 ሺሕ ዶላር ሲደርስ አፍታ አይፈጅበትም፤ እያንዳንዷ የምትጨመር ዶላር ደግሞ እኔ ከምቀጠርበት ደመወዝ የምትቆረጥ ናት። ስለዚህ ለሻጩ በኢሜይል የላክሁለት ይህን ነው፦ ግብሩን ጨምሮ 7,400 ዶላር ጥሬ ገንዘብ፣ ብድር የለም። የመጀመሪያውን የ1,000 ኪሎ ሜትር ሰርቪስ እነሱ በነፃ ይሠሩልኛል፤ እኔ ከጎናቸው ቆሜ አያለሁ። ሁለት የዘይት ፊልትሮ፣ አንድ ትርፍ የፍሪሲዮን እጀታና አንድ የፍሬን እጀታ ይጨምሩልኛል። የሁለት ዓመቱ ዋስትና ምን ምን እንደማይሸፍን ከመፈረሜ በፊት እቤቴ ወስጄ አነባለሁ።

ሻጩ ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ እስከ ዓርብ እንደሚመልስልኝ ጽፏል። በ7,400 ከተስማማ እገዛለሁ፤ ጋሼም መጀመሪያ ብሎኖቹን በሙሉ አንድ በአንድ እንድናያቸው ቅዳሜውን ባዶ አድርጎልኛል። ከ8 ሺሕ ካልወረደ ግን ከቤቴ ሦስት መንገድ ማዶ አንድ ጡረታ የወጣ ጎረቤት የሚሸጠው ኬኤልአር አለ፤ ያቺ የምትሰበረው ብረት ተቀይራለታለች፣ ደረሰኙንም አሳይቶኛል። መቀመጫው ላይ እግሬ አይደርስም፤ ስፖንጁን ማስቀነስ ስንት እንደሚያስወጣ ጠይቄያለሁ።